ለአንድ ቀን ባህር የተመረጠ ማጠንጠኛ

ሰው ሁሉ ክብሪት ይለኛል። ቱግ ስለምል ነው። ቱግ የምለው ግን ያለ ነገር አይደለም። የወንዝ ማጠንጠኛ ይዞ ባህር የገባ ሰው በሦስተኛው ቀን ሱቄ መጥቶ፣ «ክብሪቴ፣ ይሄ ነገር አልዞር አለኝ እኮ» እያለ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ፣ እስቲ እናንተ ብትሆኑ ዝም በሉ።

ሥራዬ የዓሣ ማጥመጃ ማጠንጠኛ መሸጥና መጠገን ነው። ማጠንጠኛ ማለት ክሩ የሚጠቀለልበት፣ ከዘንጉ እጀታ ጋር የሚታሰረው ክብ ዕቃ ነው። የእኔ ደንበኞች ትል ሰክተው ቁጭ የሚሉት አይደሉም። ከላባና ከክር ዝንብ ሠርተው መንጠቆ ላይ ያስሩና፣ ረጅም ዘንግ አየር ላይ እያወናጨፉ ያችን ሐሰተኛ ዝንብ ውሃው ላይ የሚያሳርፉት ናቸው። አንዳንዶቹ ጨዋ ሰዎች ናቸው።

ባንኮኒዬ ላይ አፈ ሰፊ ጠርሙስ አለ። ውስጡ የባህር ውሃ፣ ውሃው ውስጥ ደግሞ አንድ የወንዝ ማጠንጠኛ ተነክሯል። ሲገባ ያብረቀርቅ ነበር። አሁን ነጭ ሻጋታ የመሰለ ነገር አውጥቶ፣ ኩሽኔታው ተቆልፎ፣ ቡሎኖቹ ዝገው ቁጭ ብሏል። «ለወንዝ ነው ለባህር?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ለሁለቱም» ያለኝን ወደ ጠርሙሱ እጠቁመዋለሁ። ለወንዝ ከሆነ ቀላሉን ይውሰድ፤ የወንዝ ዓሣ ሮጦ የት ይደርሳል፣ ፍሬን ኖረው አልኖረው ብዙም አይጎዳውም። ለባህር ከሆነ ግን ፍሬኑ ጨው እንዳይገባው በጎማ የታሸገ፣ ሆዱ ብዙ ክር የሚይዝ፣ አካሉም ከአንድ ድፍን አልሙኒየም የተቆረጠ መሆን አለበት። ይከብዳል። ይክበዳ።

ይሄን ሁሉ ሃያ ዓመት አፌን ሞልቼ ስናገር፣ አንድ ቀን እንኳ ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር። ከተማችን ወንዝ ዳር ናት፤ ባህሩ በአውቶቡስ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። እኔ ባህርን የማውቀው ገድሎ ከሚልካቸው ማጠንጠኛዎች ነው። ስፈታቸው ፍሬናቸው ተቃጥሎ፣ እጀታቸው ተገንጥሎ፣ የመሃል ብረታቸው ተጣሞ አገኛቸዋለሁ። ምን ዓይነት ፍጥረት ነው ይሄን ያደረገው እያልኩ፣ ካቻቢቴዬን አስቀምጬ ዝም ብዬ የማያቸው ጊዜ አለ። ለደንበኛ ግን አልናገርም፤ ዝም አይነቅዝም።

አጎቴ ረቡዕ ከሰዓት መጣ። የእናቴ ወንድም ነው። እናቴ ስትሞት ስድስት ዓመቴ ነበር፤ እሱና ሚስቱ ናቸው ያሳደጉኝ። ጋሼ እለዋለሁ፣ አንቱ ግን ብዬው አላውቅም፤ በልጅነቴ አንቱ ስለው «ምነው፣ ተጣላን እንዴ?» ይለኝ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሞ ብረት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። ካቻቢቴ አያያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። ቁጣዬን ከማን እንደወረስኩት አይታወቅም፤ ከእሱ እንዳልሆነ ግን ከተማው ይመሰክራል።

«ሰኞ ነው ያሉኝ» አለ፣ በርጩማዋን ስቦ እየተቀመጠ።

ስለ ምን እንደሚያወራ ገባኝ። ቀኝ ትከሻው ሥር ዕጢ በቅሎበታል። ሐኪሙ ቀድሞ ነግሮት ነበር፦ ቆርጠን እናወጣዋለን፣ ትድናለህ፣ ክንዱ ግን ከእንግዲህ ከደረትህ በላይ አይነሳም። ዘንግ ደግሞ ከትከሻ በላይ ነው የሚወረወረው። አርባ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ወንዝ ወርዶ ዘንግ የወረወረ ሰው ነው፤ ሐኪሙ ይሄን አላወቀም፣ አጎቴም አልነገረውም።

«ስለዚህ ቅዳሜ ባህር እሄዳለሁ» አለኝ። «ክንዴ የኔ ሆኖ የሚውለው የመጨረሻ ቅዳሜ ነው። መጠባበቂያውን ማየት እፈልጋለሁ።»

ይሄ ለሌላው ሰው ምንም አይመስልም። ማጠንጠኛ ላይ ከላይ የሚታየው ወፍራም ክር ሠላሳ ሜትር ቢሆን ነው። ከሥሩ ሁለት መቶ ሜትር ቀጭን ክር ይጠቀለላል፤ መጠባበቂያ እንለዋለን። ትልቅ ዓሣ ወፍራሙን ጨርሶ ሲሮጥ ነው እሱ የሚወጣው። የእኛ ወንዝ ዓሣ እዚያ ድረስ ወስዶ አያውቅም። አጎቴ በሠላሳ ዓመቱ የጠቀለለውን መጠባበቂያ እስከ ሰባ ዓመቱ ፀሐይ አላየውም። እንዲህ የሚሮጥ ነገር በዓለም ላይ እንዳለ ይሰማል፣ በእጁ ግን ይዞት አያውቅም።

አንጀቴን በላው። አንጀቴ ሲበላ ደግሞ እቆጣለሁ፣ ምን ላድርግ። «በየትኛው ማጠንጠኛ ነው የምትሄደው?» አልኩት።

ከኮቱ ኪስ የራሱን አወጣና ባንኮኒው ላይ አኖረው። ቶርኖ ላይ ራሱ የሠራው ነው። ቀጭን፣ ቀዳዳ ቀዳዳ፣ ብታነሱት ባዶ እጃችሁን ያላችሁ ነው የሚመስላችሁ። ፍሬን የለውም። ዓሣው ሲጎትት ግራ መዳፉን ከሚሽከረከረው ጠርዝ ላይ ያሳርፋል፣ አለቀ።

«ይሄን ይዘህ ባህር አትገባም።»

«ለምን?»

ወደ ጠርሙሱ ጠቆምኩት።

«ለአንድ ቀን ነው እኮ። ጨዉ እስኪበላው እኔ ቤቴ ገብቻለሁ።»

«ጨዉን ተወው። ፍሬኑስ? እዚያ ያለው ዓሣ መዳፍህን ልጦ ነው የሚሄደው። ምን ምን አውልቆ እንደላከልኝ ላሳይህ?»

ከመደርደሪያው የባህሩን አወረድኩለት፤ ጥቁር፣ ሰፊ፣ ፍሬኑ የታሸገ። በቀኝ እጁ ተቀብሎ ትንሽ ያዘና፣ ወደ ግራ አዛወረው። ያን ጊዜ ነው ምርጫው እንዳሰብኩት ቀላል እንዳልሆነ የገባኝ። ሰው ሁሉ ለወንዝ ወይስ ለባህር ብሎ ይጠይቃል፤ ለታመመ ትከሻ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ፍሬኑ ያለው ከባድ ነው፣ ቀላሉ ፍሬን የለውም። ሚዛን አምጥቼ ሁሉንም አንድ በአንድ መዘንኩ። እሱ የቀላሉን ወገን ይዞ ወይ ፍንክች፣ እኔም የከባዱን ይዤ ወይ ፍንክች። መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር ዝቅ ያለ የባህር ማጠንጠኛ አገኘሁ። እንዲያም ሆኖ ከሱኛው እጥፍ ይመዝናል።

«ትከሻህ እስከ እኩለ ቀን ላይቆይ ይችላል» አልኩት። «ዓሣው ግን ከመጣ ፍሬኑ ይይዝልሃል። ያለ ፍሬን ቢመጣ ምን ዋጋ አለው፣ በአንድ ትንፋሽ ተበጥሶ ይሄዳል፤ ሌላ ቅዳሜ ደግሞ የለህም።»

ካልኩት በኋላ ምላሴን መንከስ አማረኝ። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። «እሺ፣ ለፍሬኑ ስል ልሸከመው» አለ።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ። እኔ ጠግኜ የማስረክበውን ሁሉ ክሩን ከበሩ እጀታ ጋር አስሬ እጎትታለሁ፤ ፍሬኑ ካልያዘ እዚያው ይታወቃል። የወንዝ ሰዎች ደግሞ የራሳቸው ወግ አላቸው፦ የአዲስ ማጠንጠኛን የመጀመሪያ ክር የሚስበው ባለቤቱ ነው፣ የሚስበውም ውሃ ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ የተሳበ ክር ዓሣ አያይም ይላሉ። «በሩ ላይ እንዳትጎትቺብኝ» አለኝ። ለሌላ ሰው ቢሆን የት አባቱ እል ነበር። ለእሱ ተሸነፍኩ።

ዓርብ ከሰዓት ማጠንጠኛውን ለማዘጋጀት ተቀመጥኩ። የባህር ሰዎች በቀኝ እጃቸው ነው የሚጠቀልሉት፣ ፋብሪካውም ለእነሱ ብሎ ነው የሚገጥመው። አጎቴ ዘንጉን በቀኙ ይዞ በግራው ነው የሚጠቀልለው። ለእሱ እንዲሆን ሁለት ነገር መገልበጥ አለበት። አንደኛ ክሩ በሌላ አቅጣጫ እንደገና ይጠቀለላል። ሁለተኛ ውስጡ ያለው፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚነክስ ትንሽ ኩሽኔታ ወጥቶ ይገለበጣል፤ ፍሬኑ የትኛው ዙር ላይ እንደሚይዝ የሚወስነው እሱ ነው። መቶ ጊዜ ሠርቼዋለሁ።

ክሩን ጠቅልዬ ጨርሼ ሽፋኑን እንደከፈትኩ አክስቴ ገባች። የአጎቴ ሚስት ናት፣ ለኔ እናቴ ማለት ናት። ነጠላ ጫማ እንዳደረገች ነው የመጣችው።

«ልቡን ያሳበጥሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ። «ሐኪሙ እረፍ ያለውን ሰው ባህር ልትወስጂ።»

«እኔ ነኝ የወሰድኩት? ራሱ መጥቶ ነው።»

«እምቢ ብትዪው ይቀር ነበር። ያንቺን እንጂ የኔን ይሰማል?»

ቱግ አልኩ። አንድ አለች፣ ሁለት አልኩ። አርባ ዓመት ወንዝ ሲወርድ ምሳውን የቋጠርሽለት አንቺ አይደለሽም ወይ፣ ዛሬ ነው ክንዱ ትዝ ያለሽ፣ እስከ ማለት ደረስኩ። ስናገር እጄ ሥራውን አላቆመም ነበር፤ ሽፋኑን መልሼ፣ ቡሎኑን አጥብቄ፣ ግራሶውን ጠርጌ ጨረስኩ። ቀና ስል አክስቴ በርጩማው ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች ነው። «ከሰኞ በኋላ ምን ይሆናል?» አለችኝ። «ያንን ሰው እኔ እንዴት አድርጌ ነው ቤት የማስቀምጠው?» ካቻቢቴውን ጥዬ አቀፍኳት። ማጠንጠኛው በጨርቅ ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ገባ።

ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድን። ጀልበኛው ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ሞተሩን አስነስቶ ብዙ ከወሰደን በኋላ አጠፋውና በረጅም እንጨት ይገፋን ጀመር። እዚያ ውሃው ከወገብ አይበልጥም አለን። ወደ ታች አየሁ። ውሃ ያለ አልመሰለኝም። አሸዋው ላይ የጀልባችን ጥላ ከእኛ ተለይቶ ብቻውን ይሄዳል፤ እያንዳንዱ የአሸዋ መስመር፣ እያንዳንዷ ዛጎል ቁልጭ ብላ ትታያለች። ወደ ፊት ደግሞ ምንም ማለቂያ የለውም። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ባህርን እንደ ክፉ አሲድ ነበር የማስበው። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ።

«እመቤት ባህር ያውቃሉ?» አለኝ ጀልበኛው፣ የጀልባውን ጠርዝ ጨምድጄ መያዜን አይቶ።

«ሃያ ዓመት ሠርቼበታለሁ።»

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ዋና ገብታ» አለ አጎቴ፣ ዞር ሳይል። ጀልበኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ከዚያ አጎቴ የመጀመሪያውን ክር ሳበ። እየሳበ ቆየና፣ «እንዴት ለስላሳ ነው» አለ። «ምንም የሚይዘው ያለ አይመስልም።» ደረቴን ነፋሁ። ጥቂት ወርውሮ መልሶ ሲጠቀልል ግን ግንባሩን ቋጠረ፤ «ሲመለስ ይከብዳል።»

«የታሸገ ስለሆነ ነው። አንተ የለመድከው ክፍቱን ነው።»

«እንጃ።»

«ጋሼ፣ ይሄ እንኳ የኔ ሥራ ነው» አልኩት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። እሱም መወርወሩን ቀጠለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለኔ ነበር፣ ግን ገና አልለቀምኩም።

ሲወረውር ማየት ራሱ ሌላ ነገር ነው። ክሩ ከኋላው ሄዶ አየር ላይ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ይጠብቀዋል፣ ከዚያ ወደ ፊት ይለቀዋል፤ ዝንቧ ትንፋሽ ሳታሰማ ትቀመጣለች። ልጅ ሆኜ ወንዝ ዳር ስቀመጥ ያየሁት ያው ነው። አሁን ግን በየውርወራው ከንፈሩን ይነክሳል። ጥቂት ወርውሮ ይቀመጣል፣ ክንዱን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ይጠብቃል፣ ይነሳል። እንዲህ እያልን አምስት ሰዓት ሆነ። አንድም ዓሣ አልመጣም። ዘንጉን ሲያነሳ በግራው መደገፍ ጀመረ። እኔ ማጠንጠኛውን እያየሁ ክብደቱን በልቤ እረግማለሁ።

«እዚያ» አለ ጀልበኛው በሹክሹክታ። «ሯጩ ዓሣ ነው። ስድሳ ክንድ። ወደኛ ይመጣል።»

እኔ ምንም አላየሁም። አጎቴ አየ። ተነሳ፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ፣ አንድ ጊዜ ወደ ፊት። ዝንቧ አረፈች። ክሩን በግራ ጣቶቹ ትንሽ ሳብ፣ ሳብ አደረገ። ከዚያ ውሃው አበጠ።

ዓሣው እስኪያዝ ድረስ ዓሣ መሆኑን አላመንኩም ነበር። የጀልባው ወለል ላይ የተጠመጠመው ክር ብድግ ብድግ እያለ ተነነ። ከዚያ ማጠንጠኛው ዞረ። ዞረ ስል፣ እጀታው አልታየኝም፤ ክብ ጭጋግ ነው የሆነው። ውሃው ላይ አንድ ረጅም መስመር ተቀደደ፣ ከመስመሩ ጫፍ ያለው ነገር ከእኛ እየራቀ፣ እየራቀ ይሄዳል። እንዲህ የሚሮጥ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

«ፍሬን» አለ አጎቴ።

ጎንበስ ብዬ የፍሬኑን ቁልፍ አጠበቅኩ። ምንም። እስከ መጨረሻው አጠበቅኩ። ምንም። ማጠንጠኛው ከዓሣው በላይ ፈጥኖ ክሩ ውስጡ ይላላ፣ ይተረተር ጀመር፤ አንድ ጊዜ ቢጠላለፍ አለቀልን። ያኔ ክው አልኩ። ኩሽኔታው። አክስቴ ስትገባ ሽፋኑ ክፍት ነበር፤ ሳልገለብጠው ነው የዘጋሁት። ፍሬኑ ሲወጣ አይይዝም፣ ሲመለስ ነው የሚይዘው። ጠዋት ለስላሳ ነው ያለኝ፣ ይከብዳል ያለኝ፣ እሱ ነበር። ትከሻው እየታመመ ለፍሬኑ ብሎ የተሸከመው ዕቃ፣ ፍሬን የለውም።

«አልገለበጥኩትም» አልኩ። «ጋሼ፣ ኩሽኔታውን አልገለበጥኩትም። እኔ ነኝ።»

«አሁን ዝም በይ» አለኝና ግራ መዳፉን ጠርዙ ላይ አሳረፈ።

ቆዳ ሲቃጠል ይሸታል። እሱ እጁን አላነሳም። ሲበዛበት ያላላል፣ ሲላላ ይጫናል፤ ክሩ መተርተሩን አቆመ፣ ገመድ የሆነ ያህል ቀጥ አለ። ወፍራሙ ክር አለቀና ቀጭኑ፣ ነጩ መጠባበቂያ በዘንጉ ቀለበቶች ውስጥ እያፏጨ መውጣት ጀመረ። አርባ ዓመት ሊያየው የፈለገው ይሄ ነው። አጎቴን አየሁት። አፉ ተከፍቷል፣ ዓይኑ ክሩ የሚሄድበትን ይከተላል፣ የሕመምም የፍርሃትም ምልክት ፊቱ ላይ የለም።

ቀኝ ክንዱ ግን ይወርድ ጀመር። ከጎኑ ተንበርክኬ ክርኑን በሁለት እጄ ከሥር ደገፍኩት። ያን ጊዜ ዓሣው በእሱ አጥንት በኩል እኔ ጋ መጣ። እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ? መቶ ሃምሳ ሜትር ርቆ የሚሄድ ፍጥረት፣ ጅራቱን በመታ ቁጥር እጄ ላይ ይመታል። ሃያ ዓመት የማጠንጠኛ ሬሳ ስፈታ ኖሬ፣ የገደላቸውን ዛሬ ገና አገኘሁት። አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ፈርቼም አዝኜም ብቻ አይደለም።

ከማጠንጠኛው መሃል ባዶ ብረት ታየኝ። እኔ ያሰርኩት ቋጠሮ ተጋለጠ። ሦስት ዙር ቀርቷል፣ ሁለት። አጎቴ መዳፉን በሙሉ ጣለበት፤ ማጠንጠኛው ቆመ። ጀልባችን ተነቃነቀና ወደ ፊት መሄድ ጀመረ። ዓሣው ሦስት ሰው ይጎትታል። ጀልበኛው እንጨቱን አስቀምጦ ባርኔጣውን አወለቀ።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። በመጨረሻ መስመሩ ዞረ።

«አሁን ይጠቅልሉ» አለ ጀልበኛው። አጎቴ ቢሞክር አልዞር አለው፤ ያጠበቅኩት ፍሬን ይሄኛውን ዙር ነው የያዘው። ቁልፉን እስከ መጨረሻው አላላሁለት። በዚያ በተላጠ እጅ እጀታውን ይዞ መጠቅለል ጀመረ፤ ዓሣው ሲሮጥ እጀታውን ለቆ መዳፉን ያሳርፋል፣ ሲቆም ይጠቀልላል። እኔ ክርኑን እንደያዝኩ ነኝ። ሁለት ጊዜ እንደገና መጠባበቂያው ድረስ ወሰደን፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ፀሐይ አናታችን ላይ ደርሳ አልፋለች።

ጀልባው ጎን ሲመጣ ከጎኑ ያለው ውሃ አበራ። ርዝመቱ ከኔ ወገብ እስከ መሬት ይሆናል። ዓይኑ ትልቅ ነው፣ ጥቁር፣ ዙሪያው ወርቅማ፤ እሱ አየን። እኛም አየነው። ጀልበኛው ጎንበስ ብሎ መንጠቆዋን ከከንፈሩ አወጣና ጭራውን ይዞ ትንሽ ወዲያ ወዲህ አደረገው። «ሯጩን እኛ አንበላም» አለ። ከእጁ ሲወጣ መሄዱ አልታየም፤ ነበረ፣ ከዚያ የለም።

አጎቴ ተቀመጠ። ቀኝ ክንዱ ጭኑ ላይ ወደቀ። ግራ እጁን ይዤ ገለበጥኩት። ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ ትንሿ ጣት ቆዳው ተልጦ ቀይ ሆኗል። ማጠንጠኛውን ላለቀልቅበት ያመጣሁትን ንጹሕ ውሃ አፈሰስኩበት። ሰኞ አንዱን ክንድ ሊወስዱበት ነው፣ የቀረችውን ደግሞ እኔ አበላሸሁበት።

«ይቅር በለኝ» አልኩት። «ከሰኞ በኋላ ያለህ እሷ ብቻ ናት። እኔ ነኝ ያቃጠልኳት።»

እጁን ከእጄ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ይዞ ያየው ጀመር። ጣቶቹን አጠፈ፣ ዘረጋ። የሌላ ሰው እጅ ያገኘ ነው የሚመስለው።

«ቀኙ አይደለም እኮ ያቆመው» አለ ቀስ ብሎ።

«ምን?»

«ቀኙን አንቺ ነሽ የያዝሽው። ዓሣውን ያቆመው ይሄ ነው።» እንደገና አጠፈ። «ከረቡዕ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ይሄን ግራ እጄን አየው ነበር፣ ላክስትሽ አልነገርኳትም። ሰባ ዓመት አብሮኝ ኖሮ ክር ከመጠቅለል በቀር አንድ ሥራ አላስተማርኩትም። ማንኪያ እንኳ በቅጡ አይዝም። በዚህ ነው እንግዲህ የምኖረው፣ ብዬ ፈርቼ ነበር። በጣም ነው የፈራሁት።»

አጎቴ ፈራሁ ሲል ሰምቼ አላውቅም። መሐረቤን አወጣሁና መዳፉን ጠቅልዬ አሰርኩለት። አስሬ ስጨርስ ዘንጉን በዓይኑ ጠየቀኝ። አቀበልኩት። በቀኙ የሚቀበል መስሎኝ ነበር፤ በታሰረው ግራው ተቀበለ።

ተነሳ። ወደ ኋላ አለ፣ ወደ ፊት አለ። ክሩ አየር ላይ ተጠማዝዞ ወርዶ የጀልበኛው ባርኔጣ ላይ ተከመረ። ጀልበኛው ዝንቧን ከባርኔጣው ነቅሎ ወደ ውሃው ጣለለት። ሁለተኛው ከጀልባው ጎን ሥር ወደቀ። ሦስተኛው እኔን ጆሮዬ ላይ መታኝ፣ እኔም ለአንድ ጊዜ ቱግ አላልኩም። አራተኛው አምስት ሜትር ያህል ሄዶ ጠማማ ሆኖ ውሃውን ነካ። አጎቴ የነካበትን ቦታ፣ ቅድም ዓሣው የሄደበትን ባየበት ዓይን፣ ቆሞ አየው።

«አባት፣ ውሃው መሸሽ ጀምሯል» አለው ጀልበኛው። «ብንመለስ ይሻላል።»

«ትንሽ ታገሠኝ» አለ አጎቴ፣ ክሩን እየሰበሰበ። «ገና መጀመሬ ነው።»